እሑድ ጠመንጃ የሚሰቀልባት አገር

የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ የ16 ሺህ ፓውንድ ዕዳ ነበረበት። አበዳሪው የባሕር ኃይል አድሚራል ዊልያም ፔን ገንዘቡን ሳያገኝ ሞተ። ንጉሡም በ1681 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በመሬት ከፈለ። መሬቱ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ከደላዌር ወንዝ በስተ ምዕራብ የተዘረጋ፣ ሌናፔ የሚባሉ ሕዝቦች የሚኖሩበት ሰፊ ደን ነው። ተረካቢው የአድሚራሉ ልጅና ሞክሼ፣ ወጣቱ ዊልያም ፔን ሆነ። ይህ ልጅ ለቤተ መንግሥት የሚመች ሰው አልነበረም፤ ካህን ከማይሾሙት፣ ለሹም ባርኔጣ ከማያወልቁት ኩዌከሮች ጋር ተቀላቅሎ በእምነቱ የተነሣ ደጋግሞ ታስሯል። ደኑ በአባቱ ስም ፔንሲልቬንያ ተባለ።

ፔን ለሰፋሪዎቹ ካወጣቸው ሕጎች ሁለቱ የዚህ ታሪክ ሥር ናቸው። የመጀመሪያው በ1682 የወጣው የሰንበት ሕግ ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ ከዘወትር ሥራው እንዲያርፍ፣ እያንዳንዱም እንደ ገባው ፈጣሪውን እንዲያመልክ ያዛል። ዕረፍቱ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፍጥረትም እፎይታ እንዲሆን መታሰቡ ከሕጉ ቃል ይታያል። ሁለተኛው በ1683 የመጣው የአደን ነፃነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1671 በወጣ ሕግ መሠረት በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት የሌለው ሰው ማደን አይፈቀድለትም ነበር፤ ጥንቸል እንኳ የባለ ርስት ነበረች። በፔን አገር ግን ማንኛውም ነዋሪ በራሱ መሬትና ባልታጠረ መሬት ሁሉ ላይ እንዲያድን ተፈቀደለት። ይኸው መብት በ1776ቱ የፔንሲልቬንያ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንደገና ተጻፈ።

የማረፍ ግዴታና የማደን ነፃነት ከአንድ እጅ ወጥተው ለረጅም ዘመን ሳይጣሉ ኖሩ። ገበሬው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባሻው ሰዓት ጠመንጃውን አንግቶ ከማሳው ጀርባ ወዳለው ጫካ መግባት ስለሚችል፣ እሑድን ማጣቱ ብዙም አያንገበግበውም ነበር።

የሰንበቱ ሕግ ጥርስ ያወጣው በ1794 ነው። በዚያ ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት ምግባረ ብልሹነትን፣ ቁማርንና ሥርዐት የለሽ ጨዋታን ለመግታት ብሎ ባወጣው ሕግ፣ እሑድ ዓለማዊ ሥራ የሠራ፣ ያደነ፣ የተኮሰ ወይም በጨዋታ የተጠመደ ሰው 4 ዶላር እንዲከፍል፣ ካልከፈለ 6 ቀን እንዲታሰር ተደነገገ። ሕጉ ጨካኝ ብቻ አልነበረም፤ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገውን ለይቶ ያውቃል። በቤት ውስጥ ምግብ ማብሰል ተፈቅዷል፣ ጀልባ ቀዛፊ መንገደኛ ማሻገር ይችላል፣ ወተትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ለደንበኛ ሊደርስ ይችላል። አዳኙ ግን በዚህ የምሕረት ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ የተመደበው ከቁማርተኛው ጎን ነው።

የማን ሰንበት? የሚለው ጥያቄም አልቀረም። በፔንሲልቬንያ ቅዳሜን የሚያከብሩ ጀርመናውያን ባፕቲስቶች ነበሩ። ሁለቱን ሰንበቶች ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ክርክሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ገበሬ ቅዳሜ አርፎ እሑድ በመሥራቱ 4 ዶላር ተቀጣ፤ ጉዳዩም በ1848 እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ቅጣቱን አጸኑ። ምክንያታቸው ግን ከቅጣቱ ይበልጥ ዕድሜ ነበረው፦ ሕጉ ማንንም ወደ ቤተ ክርስቲያን አይነዳም፣ ለማኅበረሰቡ አንድ የጋራ የዕረፍት ቀን ያበጃል እንጂ፣ አሉ። ሰንበቱ ከመቅደስ ወጥቶ ወደ ማዘጋጃ ቤት የተዛወረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። የኋላው ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህችው ዝውውር ላይ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደግሞ የሚታደን ነገር ራሱ ሊጠፋ ተቃረበ። የፔንሲልቬንያ ደን ለጣውላና ለቆዳ ፋብሪካ ተጨፍጭፎ አልቋል፤ ሥጋ ለከተማ ገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች አጋዘኑን ያለ ገደብ ፈጅተውታል። በ1895 የአደን ኮሚሽን የሚያቋቁም ሕግ ወጣ። ኮሚሽኑ በ1906 ከሚሺጋን 50 አጋዘን አስመጥቶ በጫካው ለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት እንስት አጋዘን መግደል ተከለከለ፤ በ1913 ደግሞ የ1 ዶላር የአደን ፈቃድ ተጀመረ። ሥራው ሠመረ፤ እንዲያውም ከሁለት ዐሥርተ ዓመት በኋላ የባለ ሥልጣናቱ ራስ ምታት የአጋዘን ማነስ ሳይሆን መብዛት ሆነ።

ይህ የማዳን ዘመን ግን ሌላ ገጽ አለው፤ ቶሎ ሊታለፍም አይገባም። በዚያን ጊዜ በከሰል ማዕድንና በድንጋይ ካባ የሚሠሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጣሊያኖችና ምሥራቅ አውሮፓውያን ወደ ፔንሲልቬንያ ገብተው ነበር። ስድስት ቀን ከመሬት በታች ለሚውል ሰው የፀሐይ ቀኑ እሑድ ብቻ ነው። በትውልድ አገሩ ትናንሽ ወፎችን አድኖ መብላት የለመደ ሰው በዚያች ብቸኛ ቀን ጠመንጃ ይዞ ሲወጣ፣ የሰንበትን ሕግ፣ የአደንን ሕግና የነባሩን ነዋሪ ስሜት በአንድ ጥይት ይነካል። ጠቡ ደም አፋሰሰ። በ1906 ሲሊ ሁክ የተባለ የአደን ጠባቂ በሂልስቪል የድንጋይ ካባ መንደር አጠገብ ተገድሎ ሬሳው ከማሆኒንግ ወንዝ ወጣ፤ በግድያውም አንድ ጣሊያናዊ በስቅላት ተቀጣ።

በ1909 ምክር ቤቱ እሑድን ተሻግሮ ሰውየውን ራሱን ከለከለ፦ የአሜሪካ ዜግነት ያላገኘ የውጭ ተወላጅ ፈጽሞ እንዳያድን፣ ለአደን የሚሆን ጠመንጃም ቤቱ እንዳያስቀምጥ። መቀጮው 25 ዶላር ከነመሣሪያው መወረስ ነው። ፓትሶን የተባለ ጣሊያናዊ ተከራክሮ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም፣ በ1914 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በጻፉት ውሳኔ ተሸነፈ። ፔን ለማንኛውም ነዋሪ የሰጠው የማደን ነፃነት እነሆ ፓስፖርት ይጠየቅበት ጀመር።

እሑድን በመጀመሪያ የሰበረው ግን ጠመንጃ ሳይሆን ኳስ ነው። የፊላደልፊያ አትሌቲክስ የቤዝቦል ቡድን በነሐሴ 1926 በአንድ እሑድ ከቺካጎው ዋይት ሶክስ ጋር ተጫወተ፤ በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤዝቦል ገንዘብ የሚከፈልበት ዓለማዊ ሥራ ነው ብሎ የ1794ቱን ሕግ አጸና። ጎረቤት ከተሞች እሑድ ስታዲየም እየሞሉ ገንዘብ ሲሰበስቡ ፊላደልፊያና ፒትስበርግ ቆልፈው ይውላሉ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ የምክር ቤቱ ልብ ለሰለሰ። በ1933 አገረ ገዥው ጊፎርድ ፒንቾ የፈረሙት ሕግ እያንዳንዱ ከተማ በድምፅ እንዲወስን ፈቀደ፤ ትልልቆቹ ከተሞች በኅዳር ወር እሺ አሉ። ኢግልስ የተባለው የፊላደልፊያና ዛሬ ስቲለርስ የሚባለው የፒትስበርግ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች የተወለዱት በዚያው ዓመት፣ ይህንኑ ለውጥ ተማምነው ነው። ድምፁ በተሰጠ ሳምንት፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ኢግልስ የመጀመሪያውን የእሑድ ጨዋታ በሜዳው ከቺካጎ ቤርስ ጋር አድርጎ 3 ለ 3 አቻ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሲኒማው ተከፈተ። አደን ግን እንደ ታሰረ ቀረ። ፒንቾ ፖለቲከኛ ከመሆናቸው በፊት የአሜሪካ የደን አገልግሎት የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩ፣ ጫካን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ኳስ ትኬት የሚሸጥ ባለቤት ነበረው፤ አዳኙ ግን በዚያን ዘመን እሑድን አጥብቆ የጠየቀ አይመስልም። አጋዘኑ ገና ያገገመ እንስሳ ነበርና፣ በሳምንት አንድ ቀን ከጥይት ማረፉ ለአዳኙም ለኮሚሽኑም ተገቢ መስሎ ይታይ ነበር።

በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን አራት የእሑድ ጉዳዮችን ወሰነ። ሁለቱ ከፔንሲልቬንያ የመጡ ናቸው፤ አንዱ የአንድ ትልቅ መደብር ክስ ሲሆን፣ ሌላው ቅዳሜን በእምነታቸው የሚዘጉ፣ እሑድን በሕግ እንዲዘጉ የሚገደዱ፣ በዚህም ንግዳቸው የከሰረባቸው የፊላደልፊያ አይሁድ ነጋዴዎች አቤቱታ ነው። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን የሰንበት ሕጎች ሃይማኖታዊ ልደት እንዳላቸው አልካዱም። ዛሬ ግን ዓላማቸው ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቀን ማበጀት ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን አይጥሱም አሉ። የ1848ቱ ሐሳብ ነው፤ አሁን በዋሽንግተን ማኅተም ታተመበት።

ሕጉ ከፍርድ ቤት ቢተርፍም ከራሱ ቀዳዳዎች አልተረፈም። ምክር ቤቱ ለዚህ ዕቃ ሲፈቅድ ለዚያ ሲከለክል ድንጋጌው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ነበርና፣ በ1978 የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእሑድ የችርቻሮ ንግድ ክልከላን ሻረው። ሱፐርማርኬቱ እሑድ ተከፈተ። በ2003 የመንግሥት የአልኮል መደብሮችም ጥቂት በጥቂት እሑድ በራቸውን ከፈቱ። ከጥንቱ ዝርዝር ጎላ ብለው የቀሩት ሁለት ነገሮች ሆኑ፦ መኪና መሸጥና አውሬ ማደን። ጠመንጃ እሑድ መግዛት ይቻል ነበር፤ ያንኑ ጠመንጃ ይዞ አጋዘን መጠበቅ ግን ወንጀል ነበር።

ወንጀልነቱም ቢሆን ለሁሉም እንስሳ አልነበረም። ቀበሮ፣ ኮዮት የሚባለው የዱር ውሻና ቁራ እሑድም ሊታደኑ ይችላሉ፤ ገበሬው ጠላቶቼ የሚላቸው ናቸውና። የፔን ሕግ ያሰበው የፍጥረት እፎይታ ቁራ ጋ ሲደርስ አልቆበታል።

የክልከላው ክብደት እንዲሰማ የፔንሲልቬንያን የአጋዘን ወቅት ማወቅ ያሻል። ከ1963 ጀምሮ የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው የምስጋና በዓል (ታንክስጊቪንግ) ባለፈ ሰኞ ነበር። ያ ሰኞ በሕግ ባይሆንም በልማድ በዓል ነበር፤ በገጠሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ፣ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ያጡ ነበር። ከፊላደልፊያና ከፒትስበርግ የሚነሡ ቤተሰቦች እሑድን በመንገድ አሳልፈው፣ ከአያት ከወረሱት የእንጨት ጎጆ ይደርሱ ነበር። ጎጆዎቹ በብዛት ያሉት በሰሜን፣ በፖተር፣ በቲዮጋና በክሊንተን አውራጃዎች ነው። ክሊንተን ውስጥ ከ1830 እስከ 2018 የሱፍ ጨርቅ ይሠራ የነበረው ዉልሪች የአዳኞችን ቀይና ጥቁር ኮት ዝነኛ አደረገው። ፖተር ደግሞ ራሷን የእግዚአብሔር አገር ብላ የምትጠራ አውራጃ ናት። በዋዜማው እሑድ ማታ ጠመንጃ ሲወለወል፣ ካርታ ሲጫወቱ፣ የዓምናው አጋዘን ቀንድም በየዓመቱ ቅርንጫፍ እየጨመረ ሲወራ ያመሽ ነበር።

ይህ ሥርዐት የተሠራው ሰኞን ከአለቃው ሊጠይቅ ለሚችል ሰው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በግዛቲቱ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሰው የአደን ፈቃድ ገዝቶ ነበር፤ በ2010ዎቹ ማብቂያ ቁጥሩ ከ900 ሺህ በታች ወረደ። የብረት ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ልጁ ቅዳሜ የእግር ኳስ ልምምድ አለው። አምስት ቀን የሚሠራ ሰው በሳምንት የሚያድንበት ቀን ቅዳሜ ብቻ ሆነ፤ ለዚያች አንድ ቀን ደግሞ አራትና አምስት ሰዓት መኪና ነድቶ ሰሜን መድረስ አለበት። ቅዳሜ ከዘነበ ሳምንቱ ሄደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የገንዘብ ነገር ገባ። የአደን ኮሚሽኑ ከግዛቲቱ አጠቃላይ በጀት አይደጎምም፤ ደመወዙም፣ የሚገዛው ደንም፣ ጠባቂዎቹም የሚኖሩት ከፈቃድ ሽያጭ፣ ከመሬቱ ከሚገኘው ገቢና በ1937 በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት ከጠመንጃና ከጥይት ላይ ከሚሰበሰበው ግብር ነው። የነዋሪዎች ፈቃድ ዋጋ ደግሞ ከ1999 ወዲህ አልጨመረም፤ ለመጨመር የምክር ቤቱ ይሁንታ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ አዳኝ አደን በተወ ቁጥር የ1.5 ሚሊዮን ኤከር የአደን መሬት ባለቤት የሆነው ኮሚሽን ይደኸያል። የእሑድ ደጋፊዎች ጥያቄያቸውን ከነፃነት ወደ ሒሳብ ያዞሩት በዚህ ነው፦ አንድ ቀን ስጡን፣ አባትም ልጁን ይዞ ይመጣል።

ተቃዋሚዎቹ እነማን ነበሩ? ካህናት የሚመስለው ይሳሳታል። በርግጥ በላንካስተር አውራጃ እሑድን አጥብቀው የሚያከብሩ አሚሽ የተባሉ ክርስቲያኖች አሉ፣ ሰንበትን ጠቅሶ የሚናገር እንደራሴም አልጠፋም። ጉልበት የነበረው ተቃውሞ ግን ከሦስት ዓለማውያን ወገኖች መጣ።

ቀዳሚው ገበሬው ነው። የፔንሲልቬንያ ፋርም ቢሮ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር ለዐሥርተ ዓመታት የእሑድን አደን ተቃውሟል። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ በቆሎውንና አኩሪ አተሩን የሚበላበት አጋዘን ስለሆነ፣ አጋዘን ገዳዩን መውደድ ያለበት ገበሬው ነው። ይወደዋልም። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስድስቱን ቀን የማያውቀው ሰው መኪናውን በእርሻው በር አቁሞ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ከላሞቹ አጠገብ ሲተኩስ የኖረ ሰው በሰባተኛው ቀን ቤተሰቡን ይዞ በገዛ መሬቱ ሳይሳቀቅ መሄድ ይፈልጋል። አደን በአብዛኛው የሚካሄደው በግል መሬት ላይ፣ በገበሬው ይሁንታ ስለሆነ ይህ ወገን አስፈሪ መሣሪያ ነበረው፦ እሑድን ከወሰዳችሁ “አይገባም” የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ ሰባቱንም ቀን እዘጋዋለሁ።

የእግር ተጓዦችና የፈረስ ጋላቢዎች ማኅበራትም ከገበሬው ጋር ቆሙ። መጸው የፔንሲልቬንያ ጫካ ቅጠሉ ወርቅና ደም የሚመስልበት ወራት ነው፤ የአደኑም ወቅት እርሱ ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ ሳይለብሱና ልጅን ሳይከለክሉ ጫካ የሚገባባት ቀን እሑድ ነበረች። አዳኞቹ ለዚህ ኃይለኛ መልስ ነበራቸው፤ የአደን መሬቱ የተገዛው በእኛ ፈቃድ ገንዘብ ነው፣ እናንተ ምን ከፈላችሁ? አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሆኖም ከማንኛውም ግብር ከፋይ በተሰበሰበ ገንዘብ የተገዙት የመንግሥት ደኖችና ፓርኮችም በዚሁ ክርክር ውስጥ ስለነበሩ መልሱ ሙሉ አይደለም።

የ1794ቱ ሕግ አባቶች ከመቃብር ቢነሡ በዚህ ሙግት ውስጥ ራሳቸውን አያገኙትም ነበር። ክልከላውን ያቆዩለት ሰንበትን ለማክበር የሚጨነቁ ሰዎች ሳይሆኑ፣ በሰንበት ጥላ ሥር ጸጥታ አግኝተው የለመዱት ናቸው።

በ2011 የአደን ኮሚሽኑ እሑድን የመፍቀድ ሥልጣን እንዲያገኝ ረቂቅ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። በ2013 ደጋፊዎቹ ፊታቸውን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት አዞሩ። የጦር መሣሪያ የመያዝ መብታችን፣ የሃይማኖት ነፃነታችንና በሕግ ፊት እኩልነታችን ተጥሷል ብለው ከሰሱ፤ በ2014 ክሱ ውድቅ ሆነ። በራስ ላይ የሚደርስን አደጋ ለመከላከል መታጠቅ ሌላ፣ ለመዝናናት ማደን ሌላ ተባለ።

ጎረቤቶች ግን አንድ በአንድ እየፈቱት ነበር። ኦሃዮና ኒው ዮርክ በአዲሱ ምዕት ዓመት መባቻ ከፍተዋል፤ ቨርጂኒያ በ2014 በግል መሬት ላይ ፈቀደች፤ ዌስት ቨርጂኒያም ተከተለች። ከሁሉ የሚያስቀው የሰሜን ካሮላይና መፍትሔ ነው። በ2015 እሑድ በግል መሬት ላይ ማደን ይቻላል ብላ፣ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 6፡30 ድረስ ጠመንጃ ዝም እንዲል፣ ከማምለኪያ ስፍራም በ500 ያርድ ክልል ውስጥ እንዳይተኮስ አዘዘች። ቅዳሴው እስኪያልቅ አጋዘኑ ሦስት ሰዓት ተጨመረለት።

በፔንሲልቬንያ ቋጠሮውን የፈታው በኢሪ የሚኖሩት ሪፐብሊካኑ ሴናተር ዳን ላፍሊን ያቀረቡት ረቂቅ ነው። ብልሃቱ አዳኙን ከማሞገስ ይልቅ የገበሬውን ቅሬታ በሕጉ ውስጥ ማስገባቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ የአደን ጠባቂ ያለ ፈቃድ በሰው መሬት የገባን አዳኝ በዚያ ጥፋት ብቻ ሊከስሰው አይችልም፤ ሌላ የአደን ጥሰት መኖር ነበረበት። አዲሱ ሕግ ድንበር ዘለልነትን በራሱ የሚያስከስስ ጥፋት አደረገው፣ ቅጣቱንም ከፍ አደረገ፤ እሑድ በግል መሬት ላይ የሚያድንም የባለ መሬቱን ፈቃድ በጽሑፍ እንዲይዝ አስገደደ። ፋርም ቢሮ ተቃውሞውን አነሣ። አገረ ገዥው ቶም ዎልፍ በምስጋና በዓል ዋዜማ፣ ኅዳር 27 ቀን 2019 ፈረሙ። የተገኘው ሦስት እሑድ ነው፦ አንዱ በቀስት ወቅት፣ አንዱ በጠመንጃ ወቅት፣ ሦስተኛውን ኮሚሽኑ ይምረጥ።

በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ የአጋዘን ወቅት መክፈቻን ከሰኞ ወደ ቅዳሜ አምጥቶ ነበር፤ ከእሑዱ ይልቅ ብዙ ሽማግሌ አዳኞችን ያስቆጣው ይኼኛው ነው። ምስጋናውን በልተው ዓርብና ቅዳሜን በገበያ፣ እሑድን በመንገድና በጎጆ ማሳለፍ የለመዱ ሰዎች ዝግጅቱ ሁሉ ተነጠቀብን አሉ። የገጠር ባለ ሱቆችና ለአዳኞች ምግብ ሸጠው የዓመት ወጪያቸውን የሚሸፍኑ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጣቢያዎችም አብረው አጉረመረሙ። ለካ ተከልክሎ የኖረው እሑድ ራሱ ባህል ወልዶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት እሑዶች በኅዳር 2020 መጡ፦ 15 ለቀስተኞች፣ 22 ለድብ፣ 29 ለአጋዘን በጠመንጃ። የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ ከቤት አውጥቶ ወደ ጫካ የገፋበት ዓመት ስለነበር ጫካው በአዳኝም በተጓዥም ተሞላ። ሰማይ አልወደቀም፤ ገበሬዎችም መሬታቸውን በጅምላ አልዘጉም። ኮሚሽኑ በየዓመቱ ሦስቱን ቀን ሲጠቀም፣ ጥያቄው ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ መሆኑ ቀርቶ ስንት ይሁን ወደሚል ወረደ።

ሌላው ጫፍ በዚህ መሐል በሜይን ግዛት ታየ። ሜይን የእሑድ አደንን ከ1883 ጀምሮ ከልክላለች። በ2021 ሕዝቡ በሕገ መንግሥቱ ላይ የምግብ መብት የሚል አንቀጽ ሲጨምር፣ አንድ ባልና ሚስት ታዲያ ቤተሰባችንን እሑድ አድነን መመገብ መብታችን ነው ብለው ከሰሱ። የሜይን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2024 አንቀጹ በሕግ የተፈቀደን አደን ብቻ እንደሚጠብቅ ወስኖ ክልከላውን አቆየ። ሜይንና ማሳቹሴትስ ዛሬም እሑድን ሙሉ በሙሉ የዘጉ ግዛቶች ናቸው።

ፔንሲልቬንያ ሙሉውን በር የከፈተችው በ2025 ነው። በዚህ ጊዜ ረቂቁን ያቀረቡት በፒትስበርግ ዙሪያ ካለው የአሌጌኒ አውራጃ የተመረጡት ዴሞክራቷ ማንዲ ስቲል ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ሪፐብሊካን ሴናተር የጀመሩትን ዴሞክራት እንደራሴ መፈጸማቸው፣ ጠቡ የፓርቲ ሳይሆን የመሬትና የጊዜ እንደ ነበር ያሳያል። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ደግሞ የፋርም ቢሮ ነው፤ ለዐሥርተ ዓመታት በር ዘግቶ የኖረው ማኅበር የሰብል ጥፋቱ ከእሑድ ጸጥታ እንደሚብስ ቆጥሮ አሁን ደጋፊ ሆነ። አገረ ገዥው ጆሽ ሻፒሮ በሐምሌ ወር ፈረሙ፤ ሕጉ ቀኖቹን የመወሰን ሥልጣን ለኮሚሽኑ ሰጠ። ኮሚሽኑም በዚያው መጸው ከመስከረም 14 እስከ ታኅሣሥ 7 ድረስ 13 እሑዶችን ከፈተ።

ተጓዦቹ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። የመንግሥት ደኖች በ13ቱም እሑዶች ለአዳኝ ቢከፈቱም፣ ፓርኮቹ በዚያ ዓመት የተከፈቱት በኅዳር 16፣ 23 እና 30 ብቻ ነበር። ዳክዬና ሌሎች ስደተኛ ወፎችም እሑዳቸው አልተነካም፤ ይህ ግን ርኅራኄ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት እሑድን ለሚዘጉ ግዛቶች የወፍ አደን ወቅታቸውን በሌላ ቀን ያካክስላቸዋል፤ እሑድን የከፈተ ግዛት ያን ተጨማሪ ቀን ያጣል። ፔንሲልቬንያም ሒሳቡን ሠርታ ለወፎቹ ከእሑድ ይልቅ ማካካሻውን መረጠች።

በሰው መሬት ላይ እሑድ ለማደን የሚያስፈልገው የጽሑፍ ፈቃድ በአዲሱም ሕግ ውስጥ እንዳለ ነው። አዳኙ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቃል እሺታ በሚገባበት እርሻ፣ እሑድ የባለ መሬቱ ፊርማ ያለበት ወረቀት በኪሱ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ በአጋዘን ወቅት ቅዳሜ ማታ በየእርሻው በር እየቆመ የሚያንኳኳ አዳኝ ይታያል።